የተከደነው ብርጭቆ

ሰዓት ሠሪው የተገደለው እሑድ ረፋድ ላይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ልብስ እያሰጣ፣ ፀሐይ ወለል ብላ ሳለ ነው።

መርማሪዋ ስትደርስ ደሙ ገና አልረጋም። ሬሳው ከሳሎኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ ጓዳ ወለል ላይ ተንጋሏል። ከግራ ጆሮው በላይ ያለው አጥንት ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። ጉሮሮው ተዘልዝሏል። ገዳዩ መጀመሪያ በሙሉ ጠርሙስ ጭንቅላቱን አለው፤ ጠርሙሱ ሲሰበር ደግሞ እጁ ላይ በቀረው ስባሪ አንገቱን ወጋው። አንዴ አይደለም። ደጋግሞ፣ እስኪበቃው።

ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ ደም ተረጭቶበታል። 

መርማሪዋን ግራ ያጋባት ሽታው ነው። የደም ሽታ አለ፤ የመጠጥም አለ። ከሁለቱ በላይ ግን ሌላ ነገር አፍንጫዋን ያዘው። የከሰል ጭስ፣ ሬንጅ፣ የሆስፒታል ፋሻ።

«እዚህ ቤት ምን ተቃጥሏል?» አለች።

«ምንም አልተቃጠለም» አለቻት በሩ ላይ የቆመች ሴት። የጥርስ ሐኪም ናት፣ ከዕለቱ እንግዶች አንዷ። ፊቷ አመድ መስሏል። «የተሰበረው ውስኪ ነው እንዲህ የሚሸተው። ከስኮትላንድ ደሴቶች የመጣ ነው። እዚያ ብቅሉን የሚያደርቁት ከረግረግ የተቆረጠ አፈር እያነደዱ ነው። ጭሱ መጠጡ ውስጥ ይቀራል።»

«አሮጌ ነው?»

«ስባሪው ላይ ያለውን ጽሑፍ አየሁት፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባው እኔ ሳልወለድ ነው። ፋብሪካው ራሱ ዛሬ የለም። ከእረፍት በኋላ ልንቀምሰው ነበር።»

ጠረጴዛው ላይ ሌሎች ሦስት ጠርሙሶች ቆመዋል። ሦስቱም ካልሲ ለብሰዋል። ስማቸው እንዳይታይ ሟቹ የራሱን አሮጌ ካልሲ አልብሷቸዋል፤ የአንዱ ተረከዝ ተቀዷል። አጠገባቸው ጥቁር ሰማያዊ ብርጭቆ አለ። ትንሽ ተቀድቶበታል። በላዩ ላይ ከእጅ ሰዓት የማይበልጥ የመስታወት ክዳን ተከድኗል።

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። ክዳኑ ላይ ደም አለ። ተድበስብሶ አሻራ አይነበብበትም። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ ነበር። ብርጭቆው የተከደነው ደም በነካው እጅ ነው፤ ከግድያው በኋላ።

ጓሮ ውስጥ የሟቹ ታናሽ ወንድም እጁ የኋሊት ታስሮ ተንበርክኳል። ሸሚዙ ከደረቱ እስከ እምብርቱ ደም በደም ሆኗል።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አላት ኮማንደሩ። «ሰርቪስ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰካራም። ወንድሙ በየወሩ ውስኪ ያስቀምሳል፣ ለሱ አንድ ጠብታ አይሰጠውም። ዛሬ ገባና ጠየቀ፣ ከለከለው፣ ገደለው። እጁ ላይ ደም፣ አፉ ላይ መጠጥ። ምን ቀረሽ?»

ታናሽየው ቀና አለ። «ሲሰበር ሰምቼ ነው የገባሁት። ደሙን ላቆምለት ነው። አንገቱን ይዤ...»

አላስጨረሱትም። አንድ ቡትስ ጫማ ጎኑ ላይ አረፈ። አፈር ላይ በፊቱ ተደፋ።

«ብርጭቆውን ለምን ተወው?» አለች መርማሪዋ።

«የቱን ብርጭቆ?»

«ለመጠጥ ሲል ወንድሙን የሚያርድ ሰካራም፣ የተቀዳ ውስኪ ከድኖ አስቀምጦ ይወጣል? ኮማንደር፣ የኔ አባት ጠጪ ነበር። ቤታችን ቢቃጠል መጀመሪያ ብርጭቆውን ጨልጦ ነው እኛን የሚያወጣው።»

ኮማንደሩ ተናደደ። መርማሪዋ ወደ ጥርስ ሐኪሟ ዞረች።

«ብርጭቆ የሚከድነው ማን ነው?»

«እኛ» አለች ሐኪሟ ዝግ ብላ። «ሽታው እንዳያመልጥ። አሽትተን ስናስቀምጥ እጃችን ራሱ ይከድናል። ሳናውቀው።»

መርማሪዋ ሦስቱን እንግዶች አንድ በአንድ አነጋገረቻቸው።

የውስኪ ቅምሻ ማኅበሩ አራት ሰው ብቻ ነው። በወር አንድ እሑድ፣ ከምሳ በፊት ይገናኛሉ፤ ሆድ ባዶ ሲሆን አፍንጫ ይነቃል ይላሉ። ሰዓት ሠሪው በጓዳው ይቀዳል። ቀለሙ እንዳያሳብቅ ብርጭቆው ጥቁር ነው። ሦስቱ ሳሎን ተቀምጠው ያሸታሉ፣ ይጎነጫሉ፣ የየት አገር፣ የስንት ዓመት፣ በምን በርሜል እንደሆነ ይናገራሉ። መጨረሻ ላይ ካልሲው ይወልቅና ያፈረ ያፍራል። በዕድሜ ትንሹ መጀመሪያ ይናገራል፤ ትልቁ መጨረሻ። ትልቁ ሁልጊዜ ጋሽ አፍንጫ ናቸው።

ይህን ስም ያወጡላቸው በፍቅር ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ውስኪ በማሽተት የኖሩ ሰው ናቸው። አሮጌ ጠርሙስ ያለው ሁሉ እሳቸው ጋር ይዞ ይመጣል። «እውነተኛ ነው» ካሉ እውነተኛ ነው። «ተሞልቶ የታሸገ ውሸት ነው» ካሉ ባለቤቱ ቅስሙ ተሰብሮ ይሄዳል። ከሳቸው ቀጥሎ የሚናገር የለም፤ ምን ሊጨምር?

መጀመሪያ የገባው የጎማ ነጋዴው ነው። ወፍራም፣ ላቡ የሚንቆረቆር ሰው። መዳፉ ላይ ረጅም ቁስል አለ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ባለፈው ሳምንት ጎማ ስፈታ ብረት ቆረጠኝ።»

«ባለፈው ወር ከሟቹ ጋር ተጯጩኸሃል ይባላል።»

«ማን አለ? አዎ፣ ተጯጩኸናል። ይዤው የመጣሁትን ጠርሙስ ውሸት ነው አለኝ። በሰው ፊት! ግን እመቤቴ፣ በጠርሙስ ነገር ሰው ይገደላል?»

«ተገድሏል እኮ።»

መርማሪዋ ቁስሉን አስተውላ አየችው። ቅርፊት ይዟል፤ የዛሬ አይደለም። ነጭ ሸሚዙ ላይም ከላብ በቀር ምንም የለም። ያንን ሁሉ ደም ያፈሰሰ ሰው ሸሚዝ እንዲህ ሊነጣ አይችልም።

ሁለተኛ ጋሽ አፍንጫ ገቡ። ኮታቸውም ሱሪያቸውም ደም ነው። አስከሬኑ ላይ ወድቀው አቅፈው ሲያለቅሱ ነው የነካቸው፤ ሁሉም አይቷል። ሽበታም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል።

«በእረፍቱ ሰዓት የት ነበሩ ጋሼ?»

«ጓሮ፣ አጥሩ ጥግ። ባርኔጣዬን አድርጌ ለአየር ወጣሁ። አፍንጫ ሲደክም ንጹሕ አየር ያስፈልገዋል። ወደ ሳሎን ስመለስ ያ ልጅ በጓሮ በር ሲገባ አየሁት። ባስቆመው ኖሮ!» በጡጫቸው ደረታቸውን መቱ። «እንደ ልጄ ነበር ሟቹ። እንደ ልጄ።»

መርማሪዋ አዘነችላቸው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያን ቀን ካነጋገረቻቸው ሁሉ በጣም ያሳዘኗት እሳቸው ነበሩ።

መጨረሻ የጥርስ ሐኪሟ ተቀመጠች።

«ዛሬ ከወትሮው የተለየ ነገር ነበር?»

ሐኪሟ አመነታች። «ተራው ተቀየረ። ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ስንደርስ ሰዓት ሠሪው 'ዛሬ ጋሼ ይጀምሩልን' አለ። እንዲህ ብሎ አያውቅም። ጋሼ አሸተቱና 'የባሕር ዳር ጭስ፣ ጠንካራ' አሉ። ነጋዴውም ወዲያው 'እኔም ጭስ ነው የሸተተኝ!' አለ፤ እሱ ጋሼ ያሉትን ሁሉ ይሸተዋል። ለኔ ግን ዘቢብና የብርቱካን ልጣጭ ብቻ ነው የሸተተኝ። አክብሬ ዝም አልኩ። ሰዓት ሠሪውም አላረማቸውም። ወዲያው እረፍት ወጣን።»

መርማሪዋ ተነሥታ ሦስተኛውን ጠርሙስ ከነካልሲው አመጣችና ቡሹን ነቅላ አሸተተችው። መጠጥ አትወድም። ቢሆንም ዘቢብ ምን እንደሚሸት ታውቃለች። የጭስ ዘር የለበትም።

«አዋቂ ሰውም ይሳሳታል» አለች።

«ይሳሳታል። እንዲህ ግን አይሳሳትም።»

ሰኞ ጠዋት ጣቢያው ውስጥ የታናሽየው ጩኸት እስከ መንገድ ይሰማ ነበር።

እግሮቹን ከወንበር አስረው ውስጥ እግሩን ገረፉት። ሁለት ጣቶቹን ሰበሩ። በመጨረሻም «ነገ ከሰዓት እፈርማለሁ፣ ዛሬ ተዉኝ» አለ። ኮማንደሩ እጁን ታጥቦ ሻይ አዘዘ።

እናቱ ደጁ ላይ አፈር ላይ ተቀምጠዋል። መርማሪዋ ስታልፍ ቀሚሷን ያዙ።

«ልጄ፣ ትልቁን ዛሬ እቀብራለሁ። ትንሹንም ልትቀብሩብኝ ነው? ጠጪ ነው፣ አውቃለሁ፣ አንጀቴን ያቃጥለዋል። ግን ወንድሙ ነው ጫማ የሚገዛለት፣ ወንድሙ ነው ሲወድቅ የሚያነሣው። እሱን ገድሎ ማን ጋ ይሄዳል?»

መርማሪዋ እጃቸውን ያዘች። «እማማ፣ እስከ ነገ ይጠብቁኝ» አለቻቸውና ገባች።

ኮሪደሩ ላይ ጋሽ አፍንጫ ቆመዋል። የምስክርነት ቃላቸውን ለመፈረም ነው የመጡት። ደም ያልነካው ሌላ ልብስ ለብሰዋል፤ ኮት፣ ክራቫት፣ ጥቁር የሱፍ ባርኔጣ። ሲያዩዋት እንደ ጨዋ ሰው ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም አሏት።

መርማሪዋ ክው አለች።

የከሰል ጭስ። ሬንጅ። የሆስፒታል ፋሻ።

ያ ክፍል እንዳለ ከባርኔጣው ውስጥ ወጥቶ ፊቷን መታት። ሰውየው ፈገግ ብለው ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና ወደ ቢሮው ገቡ። እንዲያ የሚሸት ነገር ራሱ ላይ ጭኖ ፖሊስ ጣቢያ የሚመጣ ሰው ወይ ጅል ነው፣ ወይ...

ሮጣ ስልክ አነሣች።

«ዶክተር፣ ጩኸቱን ሰምታችሁ ወደ ጓዳ ስትሮጡ ጋሼ ባርኔጣ አድርገው ነበር?»

«የለም» አለች ሐኪሟ። «ባዶ ራሳቸውን ነበሩ። ባርኔጣቸው መግቢያው ላይ መስቀያ ላይ ነበር፤ ስንወጣ እኔ ነኝ አውርጄ የሰጠኋቸው። እንባዬ አፍንጫዬን ደፍኖት ነበር እንጂ... ለምን ጠየቁኝ?»

«ሌላ ጥያቄ። ሟቹ በዚህ ሰሞን ስለ ማሽተት የጠየቀዎት ነገር አለ?»



«'ማሽተት የጠፋበት ሰው ይድናል ወይ?' ብሎኝ ነበር። ጥሩ ሐኪም ፈልጊልኝ አለኝ። ስሙን አልነገረኝም። ራሱ ታሞ በሌላ ሰው የሚያሳብብ መስሎኝ ነበር።»

ማክሰኞ ጠዋት ሦስቱም ወደ ኮማንደሩ ቢሮ ተጠሩ። ጠረጴዛው ላይ ከሟቹ ቤት የመጡ ሦስት ጥቁር ሰማያዊ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ ሦስቱም ተከድነዋል። ኮማንደሩ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። የታናሽየው የእምነት ቃል ፊቱ ላይ ተዘርግቷል፤ የሚቀረው ፊርማ ብቻ ነው።

«ሟቹ ከመሞቱ በፊት የቀዳውን ማወቅ እፈልጋለሁ» አለች መርማሪዋ። «ከእናንተ የተሻለ አዋቂ የለም።»

የጎማ ነጋዴው እጁን ወደ ብርጭቆው ሰደደ። መርማሪዋ ያዘችው።

«አይደለም። ዛሬ ጋሼ ይጀምሩልን።»

ጋሽ አፍንጫ ቀና ብለው አዩዋት። ያን ቃል ከዚህ በፊት ሰምተውታል። ግንባራቸው ላይ አንድ ደም ሥር ተነሣ።

«ልማዳችን ከትንሽ መጀመር ነው» አሉ።

«ልማዱን ለዛሬ ይተዉልኝ።»

ክዳኑን አነሡ። ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ አዞሩት። አፍንጫቸውን አስገብተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በረጅሙ ሳቡ። ያማሩ ሰው ነበሩ፤ እንዲያ ሲሆኑ ማንም ያምናቸዋል።

«አሮጌ ቆዳ» አሉ። «የደረቀ ቴምር። ከዚያ ትንሽ ሰም፣ ልክ የድሮ ቤት ወለል። ሰላሳ ዓመት የቆየ፣ ከዚያም በላይ...»

የጎማ ነጋዴው አፍንጫውን በሁለት እጁ ያዘ። የጥርስ ሐኪሟ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ጥግ ያለው ኮማንደር ሳይቀር አስነጠሰው።

ጋሽ አፍንጫ አላዩዋቸውም። ብርጭቆውን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ።

«ጋሼ፣ ላምባ ነው!» ብላ ጮኸች ሐኪሟ፤ እጃቸውን መታችው። ብርጭቆው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወድቆ ተሰበረ። መርማሪዋ ርካሽ ውስኪ ላይ ያፈሰሰችው ላምባ ሰነዶቹ ላይ ተንጣለለ። ሽታው ክፍሉን ሞላው።

ሽማግሌው ፊታቸውን ከአንዱ ወደ ሌላው አዞሩ። ሁሉም አፍንጫውን ይዟል። ከሳቸው በቀር።

ያኔ ነው ሰውየው የተለወጡት። ስባሪውን አፈፍ አድርገው የሐኪሟን ጸጉር ጨመደዱ፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ሳቡና የመስታወቱን ጫፍ ጉሮሮዋ ላይ ተከሉ። ደም በቀጭኑ ወረደ።

«ማንም እንዳይጠጋኝ!»

መርማሪዋ አልጠበቀችም። የኮማንደሩን ከባድ የብረት ስቴፕለር አንሥታ በሙሉ ኃይሏ እጃቸው ላይ አወረደችው። አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ሰውየው አጓሩ። በሌላው እጃቸው ሊያንቋት ወረዱባት፤ አውራ ጣታቸው ዓይኗ ውስጥ ሊገባ ጥቂት ቀረው። በጉልበቷ ሆዳቸውን አለቻቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ደፋቻቸው፣ ተሰብሮ የተንጠለጠለውን እጅ ሳትራራ ወደ ኋላ ጠምዝዛ በካቴና አሰረችው። 

ባርኔጣው ወለሉ ላይ ወድቋል። አንሥታ ለኮማንደሩ ሰጠችው።

«አሽተው።»

አሸተተ። ፊቱ ተለዋወጠ። የእሑዱን ክፍል ሽታ ማንም አይረሳውም።

«ጠርሙሱ ጓዳ ውስጥ ሲሰበር ይሄ ባርኔጣ እዚያው ነበር» አለች መርማሪዋ። «ሰው ሁሉ ወደ ሬሳው ሲሮጥ ግን መግቢያው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ልብሱ ላይ የነበረውን ደም፣ ቀድሞ አስከሬኑ ላይ ወድቆ በማልቀስ ሸፈነው። እጁን ታጥቧል። ባርኔጣው ጥቁር ስለሆነ ምንም አላየበትም። የቀረው ሽታው ነው፤ እሱን ደግሞ ሊያውቅ አይችልም።» የባርኔጣውን ዙሪያ ጥብጣብ በጥፍሯ ገለጠችው። ጥፍር የምታህል አረንጓዴ የጠርሙስ ስባሪ ወጣች።

ኮማንደሩ ሰውየውን ትክ ብሎ አየው። «እርስዎ» የሚለው ቃል ካፉ ጠፋ። «ተናገር።»

ጋሽ አፍንጫ ጉንጩ በላምባ እንደራሰ ተናገረ።

«ከትኩሳት ስነሣ ማሽተቴ ጠፋ። ሁለት ዓመት ሆነው። ተመልሶ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። የውስኪውን ተዉት። የልጅ ልጄን ራስ እስማለሁ፤ እንጨት እንደ መሳም ነው። ግን እንዴት ብዬ ልናገር? እኔ ሌላ ምን አለኝ? ስሜ ራሱ አፍንጫ ነው! መጨረሻ እናገራለሁ፤ እነሱ ያሉትን አሳምሬ እደግመዋለሁ። ማንም አላወቀም። እሱ ብቻ አወቀ።»

«ጓዳ ምን ልትሠራ ገባህ?»

«የቀጣዩን ጠርሙስ ስም ለማየት። ሁለቱንም ዓመት በየእረፍቱ እንዲያ እያየሁ ነው የኖርኩት። ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ጭሳሙን ከፍቶ አንድ ብርጭቆ ቀዳና 'ጋሼ፣ ይህን ያሽቱ' አለኝ። አሸተትኩ። ምንም። ውሃ እንኳ የተሻለ ይሸታል። 'አይሸትዎትም፣ አይደል?' አለኝና ፈገግ አለ። ፈገግ አለብኝ! አሁን ሳሎን ወጥቶ ሊያዋርደኝ ነው ብዬ... ሲወድቅ መተው እችል ነበር። ግን ዓይኑ ያየኛል። ያ ዓይን እስኪጠፋ ድረስ ወጋሁት። ደሙ እንኳ አልሸተተኝም።»

«ብርጭቆውንስ ለምን ከደንከው?» አለች መርማሪዋ።

ሰውየው ግራ ገብቶት አያት። «ከደንኩት እንዴ?»

የጥርስ ሐኪሟ አንገቷን በመሐረብ ይዛ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። ድምፅዋ ሲወጣ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ሊያዋርድዎት አልነበረም» አለችው። እሷ አሁንም በ«እርስዎ» ነው። «ለአንድ ሰው ሐኪም ፈልጊልኝ ብሎ ለመነኝ። 'ሰውየው ኩሩ ነው፤ በሰው ፊት አይሆንም፤ ለብቻው ይዤ በቀስታ እነግረዋለሁ' አለ። ጓደኛዬን ለምኜ ቀጠሮ አስያዝኩ።» ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። «ቀጠሮው ዛሬ ነበር። አሁን።»

ጋሽ አፍንጫ አፉን ከፈተ። ከዚያ የወጣው ጩኸት ታናሽየው ሲገረፍ ከሰሙት የባሰ ነበር፤ ማንም ግን አልነካውም።

ሲያወጡት ኮሪደሩ ላይ ታናሽየውን ሲፈቱት ደረሰ። ልጁ በእግሩ መቆም አልቻለም፤ ሁለት ፖሊሶች ደግፈውታል። ኮማንደሩ ፊቱን አዙሮ አለፈ። መርማሪዋ ግን ወደ ልጁ ጠጋ ብላ «ይቅር በለን» አለችው። ልጁ የተሰበሩ ጣቶቹን ወደ ደረቱ ሰበሰበ።

እናትየው ከደጅ ሮጠው ገቡ። የልጃቸውን ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ደረታቸው አስጠጉት፤ አፍንጫቸውን ጸጉሩ ውስጥ ቀብረው በረጅሙ ሳቡ። ደም፣ ላብ፣ የእስር ቤት ሽንት፣ የከረመ አረቄ ይሸታል። ደጋግመው ሳቡት። «ልጄ ነው» አሉ ለማንም ሳይሆን። «የኔው ነው።»

ጋሽ አፍንጫ ካቴናው እንዳለ ቆሞ አያቸው። ፖሊሱ ገፋው፤ አልተንቀሳቀሰም። አፍንጫው ሁለት ጊዜ ሲነፋና ሲጠብ መርማሪዋ አየችው፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ያን ቀን ማታ ከመውጣቷ በፊት ወደ ማስረጃ ማስቀመጫ ክፍል ገባች። ሟቹ የቀዳው ብርጭቆ ከነደሙ መደርደሪያው ላይ ነበር። በጓንት እጇ ክዳኑን አነሣችው። ጭሱ እንዳለ ነው፤ ምንም አልጎደለበትም። መልሳ ከደነችው።